እህቴ ያሳየችኝ ስድስት ጣት

የካ ውስጥ ያሰሩኝ ቤት ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር። ገብቼ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ትከሻ ድረስ ጀርባ ተደግፎት የለሰለሰ፣ ከዚያ በላይ ሻካራ። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል። ቆጠርኩ፤ ከኔ ጋር ሠላሳ አምስት ሰው ሆንን።

ኮተቤ ውስጥ ሞባይል እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የተያዝኩት ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ነው። አሥራ አንድ መስመር ነበር።

የቤቱ ካቦ፣ ከእስረኞች መሀል ተመርጦ ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ፀጉራቸው ከሸበተ አንድ ሰው አጠገብ ሁለት ስንዝር ተኩል የምትሆን መኝታ ለካልኝ።

"ጎረቤትህ ዶክተር ናቸው" አለኝ። "ስፔሻሊስት ናቸው ሲባል ወገቤን አሳያቸዋለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የሴቶች ሐኪም ሆነው አረፉት።"

"ስታረግዝ ንገረኝ" አሉት ዶክተሩ። "እስከዚያ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።"

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ለጊዜ ቀጠሮ ፍርድ ቤት ወሰዱኝ። ከመኪናው እስከ ደጃፉ ሃያ እርምጃ ያህል ነው፤ እህቴ አጠገቤ ተራመደች። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መሪ ሰፈር፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ አላገባችም። በዚያች መንገድ ላይ ሹክ ያለችኝ ይህን ነው፦ ሆዷን ሲያማት አልትራሳውንድ ተነሳች፤ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ሲስት የሚሉት፣ ተገኘ፤ ክሊኒኩ ለሐሙስ ኦፕሬሽን ቀጠራት፤ እንቁላል ማምረቻው አብሮ ይወጣል አሏት።

"ስፔሻሊስት ላማክር ብዬ ዞርኩ። ወረፋው ሁለት ወር ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም። ልግባ ወይስ ይቅር?"

"ቆይ" አልኳት።

ሁለት ወር የሚጠበቀው ዓይነት ሐኪም ከጎኔ ሁለት ስንዝር ተኩል ርቆ እንደሚተኛ ትዝ ያለኝ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነው።

ስለ እህቴ ሆድ ከሰው ጋር አውርቼ አላውቅም። "አንዲት የማውቃት ልጅ" ብዬ ጀመርኩ። ዶክተሩ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"እህትህ ናት?"

"አዎ።"

"ለኔ እንድትነግረኝ ፈቅዳለች?"

"እርስዎ እዚህ መኖርዎን አታውቅም።"

"እንግዲያው መጀመሪያ አስፈቅዳት። ከፈቀደች ሦስት ነገር ጠይቃት። በየትኛው ጎን ነው? ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት?"

ሦስተኛው ጥያቄ ለምን እንደሚጠቅም ጠየቅኳቸው። መዳፋቸው ላይ በጣታቸው እየሳሉ አስረዱኝ። እንቁላል በየወሩ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ታድጋለች፤ ከረጢቱ አንዳንዴ ሳይፈነዳ ይቀርና ውሃ ይይዛል፤ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ በወጣት ሴት ላይ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ውስጡ የተከፋፈለ ወይም ጠጣር ነገር ያለበት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ሁሉ በሃያ ስድስት ዓመቴ ገና መስማቴ ነበር፤ ጥያቄዬ አላለቀም። ካቦው ስለ ማን እንደሚወራ ሳያውቅ ተጠጋ።

"ሦስት ልጅ ወልጃለሁ" አለ። "ይህን የነገረኝ የለም።"

ማክሰኞ እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ጠያቂና እስረኛ የሚነጋገሩት በሁለት ገመድ ግራና ቀኝ ቆመው ነው፤ መሀሉ አራት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ፖሊስ ይመላለስበታል። ሁሉም ይጮኻል።

"ለሚያውቅ ሰው ልንገረው?" ብዬ ጮህኩ። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"በየት በኩል ነው?"

አጠገቧ አንዲት የሰፈራችን ሴት ቆማለች። እህቴ አየቻትና ግራ እጇን ብቻ አነሳች።

"ስንት?"

ስድስት ጣት አሳየችኝ።

"ውስጡስ? ባዶ ነው ወይስ ዕቃ አለ?"

መዳፏን ዘርግታ ገለበጠችው። ባዶ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ።

"ግራው የት ነው?" አለኝ።

ገመዱ መሀል የሚመላለሰው ፖሊስ ሁሉንም አድርሶለታል።

"ስድስቱስ? ሰው ነው?"

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

"ቤተሰባችሁ ሦስት ነው። ባዶ ነው ያለችህ ቤት የት ያለ ቤት ነው?"

አልተቆጣም። የምር ለማወቅ የጓጓ ይመስል ነበር። ብነግረው እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ያላገባች ልጅ የሴቶች ሐኪም ጋ ታየች ሲባል ሰፈሩ ምን እንደሚጨምርበት አውቃለሁ።

"እስክትናገር ጠያቂ የለህም" አለና ጻፈው።

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ጥርት ያለ፣ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት። "የሐሙሱ የሚያስቸኩል አይመስለኝም" አሉ። "ግን ምስሉን ሳላይ አልፈርድም።"

"ለመርማሪው ልንገረው?"

"ምስጢሩ ያንተም የኔም አይደለም።"

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ተጠራሁ። ቢሮው ውስጥ እህቴ ቆማለች። በር ላይ ሲከለክሏት ምክንያቱን ጠይቃ፣ ጣቷ መሆኑን ሲነግሯት፣ መርማሪውን ካላገኘሁ አልሄድም ብላ ነው የገባችው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁርና ነጭ ወረቀት አስቀምጣለች።

"ስድስቱ ይሄ ነው" አለችው። "ቤቱም እኔ ነኝ።"

መርማሪው ወረቀቱን አዟዙሮ አየው፤ ገልብጦ አየው። "ካርታ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ?" አለና ዶክተሩን አስጠራ።

ዶክተሩ በነጠላ ጫማ ገቡ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። መርማሪው ወረቀቱን ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም፤ ወደ እህቴ ዞሩ።

"የእርስዎ ነው? እንዳየው ይፈቅዱልኛል?"

እህቴን አንቱ ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልሰማሁም። "ይዩት፣ ዶክተር" አለች።

"ወንበር ይስጧቸው" አሉት መርማሪውን። ክፍሉ ውስጥ የነበረው የራሱ ብቻ ነው። ተነስቶ ገፋላት። "አሁን ሁለታችሁም ፊታችሁን አዙሩ። ሰው በተሰበሰበበት ታካሚ አላናግርም።"

እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ለምን እንደታዘዘ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

"አምስት ነጥብ ስምንት ነው የሚለው" አሉ ዶክተሩ።

"አጠጋግቼው ነው። ነጥብ በጣት አይታይም።"

ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ ጠየቋት። ላለመስማት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። በመጨረሻ ድምፃቸው ከፍ አለ።

"ነገ አይግቡ። በስድስት ሳምንት አልትራሳውንዱን ደግመው ይነሱ። ቢያድግ ወይም ባይጠፋ፣ ከረጢቱን ብቻ አውጥቶ እንቁላል ማምረቻውን የሚያተርፍ ሐኪም ይፈልጉ፤ ይቻላል። ድንገት የሚያጣጥፍ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። እስኪነጋ ልጠብቅ እንዳይሉ።"

"ኢንሻአላህ" አለች እህቴ።

መርማሪው ከመስኮቱ ሳይዞር፣ "ስድስት ሴንቲ ምን ያህላል?" አለ።

"ትልቅ ሎሚ።"

"ታዲያ ካርታ አይደለም?"

"አይደለም።"

በሳምንቱ ዶክተሩን ወደማናውቀው ቦታ ወሰዷቸው። ብርድ ልብሳቸውን እየጠቀለሉ፣ "ውጤቱን ንገረኝ" አሉኝ። የት ብዬ እንደምነግራቸው ሁለታችንም አላሰብነውም።

በዋስ ከወጣሁ በኋላ አፈላለግኳቸው። ይሠሩበት የነበረውን ቤት ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ተፈትተዋል የሚል አለ፤ አልተፈቱም የሚልም አለ። ሐኪም የሰጠው ምክር ምን ላይ እንደደረሰ ሳይሰማ መቅረቱ ይከነክነኛል፤ ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። እህቴ አንብባ፣ ሁለት ቦታ አርማ፣ "ይውጣ" ብላለች።

ዶክተር፣ በስድስተኛው ሳምንት ሦስት ነጥብ አንድ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ሲፈለግ አልተገኘም። ሕመም የላትም። ግራው በቦታው አለ።