የወጥ ቤታችን ጠማማ ግድግዳ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የእናቴን ወጥ ቤት ወለል ላሚኔት፣ ያንን እንጨት መሰል ጣውላ፣ ልናስነጥፍ ባለሙያ ጠርተን ነበር... እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ወጥ ቤቱ ቅርጽ የለውም። ሦስቱ ግድግዳ ደህና ነው፤ አራተኛው ግን ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየገባ ሄዶ ጥጉን ያጠበዋል። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ የአነጣጠፉን ቪዲዮ ሳይ ከርሜ በደብተር ፕላን ሠርቼ ነበር።

እናቴ ያስጠራቻቸው ባለሙያ ሽማግሌ ናቸው፤ አዴር ሙሳ ይባላሉ። አዴር በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ፕላኔን አይተው ሳቅ አሉ።

«ከየት ልትጀምር ነው?»

«ከጠማማው።»

«አቦ ከቀጥታው ጀምር! ጠማማውን መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ ለክተን በሰያፍ እንቆርጣለን። ዙሪያውንም ትንሽ ክፍተት ተው፤ ጣውላው በድሬ ሙቀት ያብጣል።»

እውነታቸውን ነው። ግን እናቴ ፊት መታረሜ አናደደኝ። ግድግዳውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩና...

«ይሄን የገነባው ዕውር ነው! አፍርሶ ቀጥ ማድረግ ነበር። ከጀርባው ያለው መተላለፊያ እንደሆነ ለማንም አይጠቅም» አልኩ።

እናቴ «አንተ!» ብላ ደነገጠች። አዴር ሙሳ ሜትራቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

«እኔ ነኝ የገነባሁት» አሉ።

የምገባበት ጠፋኝ።

«ቀጥ አድርጌ እስከ ወገብ አድርሼው ነበር። አባትህ ናቸው ያስቆሙኝ። ጎረቤታችሁ የጀማል እናት ልጇን በዊልቸር በዚህ መተላለፊያ ነው የምታወጣው፤ ግድግዳው ቀጥ ካለ ዊልቸሩ አያልፍም። 'ሙሳ፣ አፍርሰው... ከእኛ ይቀነስ' አሉኝ።»

አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጀማልን ግን አውቀዋለሁ። አብሮ አደጌ ነው። ዛሬም በዚያው መተላለፊያ ነው የሚወጣ የሚገባው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ቤት ተከራይቼ ከሰፈር ከወጣሁ ወዲህ ረስቼዋለሁ መሰለኝ... «ማንም» ያልኩት እሱን ነው።

ይቅርታ ስጠይቃቸው አዴር ሙሳ «አፍ ይስታል። ና ጫፉን ያዝልኝ» አሉኝ። እስከ አሥር ሰዓት አንገቴን ደፍቼ ጣውላ ስይዝላቸው ዋልኩ። ሰያፉን ቆርጠው ሲገጥሙት ከግድግዳው ጋር የተወለደ ይመስል ነበር።

እናቴ ወለሉን እያየች «አባትህ ቢያየው ደስ ይለው ነበር» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጀማል ምንም አልሰማም... እኔ ግን ይኸው ሳምንት ሆነኝ፣ ሰላም ልለው በሩን ማንኳኳት አቅቶኛል።