የአማቴ ማር እና የጋራዡ ጉንዳን

አናጢ ጉንዳን እንጨት አይበላም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቤድፎርድ ውስጥ ቤት የገዛ የአገሬ ሰው ሁሉ «ቤቴን በሉት» ይላል፤ አልበሉትም። እንጨቱን ይቦረቡሩና ሰጋቱራውን ወደ ውጭ ጥለው በባዶው ቦታ ይኖሩበታል። ጥራጊያቸውን ቤት ስለማያሳድሩ በጽዳት እኔን ይበልጡኛል። የሚመርጡትም የረጠበ እንጨት ነው። ይህን ሁሉ ቤቴ ከመግባታቸው በፊት አንብቤ አውቅ ነበር። ማወቄ ግን አማቴን በሐሰት ከመክሰስ አላዳነኝም።

እንደ ብዙዎቻችን እኛም ሁለት ወጥ ቤት አለን። አንዱ ለእንግዳ የሚታየው ነው፤ እንቁላል ይጠበስበታል። ሁለተኛው ጋራዡ ውስጥ ነው። ቁሌት የሚቁላላው እዚያ ነው፣ ጃኬታችን ሥራ ቦታ ድረስ ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳይል። መኪኖቻችንን በረዶ ይቀጠቅጣቸዋል፤ ድስቱ ግን ጣሪያ አለው። የጋራዡን ሲንክ ያስገባነው እኔና ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ጓደኛዬ ነን። ወዳጅ እያለ ባለሙያ መጥራት በእኛ ዘንድ ወዳጅን መስደብ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቪዲዮ እያየን ገጠምነው፣ ምሳ በላን፣ ተመራረቅን።

ከዚያ አማቴ ከደሴ መጡና ጋራዡ ግዛታቸው ሆነ። ባለፈው ጸደይ የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ስትል፣ ለኒካሁ ብርዝ የሚያዘጋጁት እሳቸው ሆኑ። ማሩን በትልቅ ባልዲ አድርገው ሲንኩ አጠገብ አስቀመጡት። በሳምንቱ ከግድግዳው ሥር ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች ተሰለፉ።

«ማሩ ነው» አልኩ።

«ማሩ ተከድኗል» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ ጉንዳንን ክዳን አያግደውም።»

«የእኔ ክዳን ያግደዋል።»

ባለቤቴ መሃል ገባች። «ሶ፣ ፔስት ኮንትሮል ኮል እናድርግ በቃ።»

«ለጥቂት ጉንዳን ተባይ አጥፊ ይጠራል?» አልኩና ባልዲውን አንስቼ መኪናዬ ኋላ ጫንኩት። በማግስቱም ጉንዳኖቹን እዚያው ግድግዳ ሥር ተሰልፈው አገኘኋቸው። የፈሰሰ ማር አለ ብዬ ወለሉን በሳሙና ፈተግኩት፤ አማቴ ቆመው እያዩኝ።

አልተቆጡም። ሻንጣቸውን አወጡ።

«ቪከሪ ሜዶ ወንድ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ሰው ከእጄ ጠጥቷል። እጅሽ ጉንዳን ይጠራል የተባልኩት እዚህ መጥቼ ነው።»

«እማማ፣ እኔ እጅዎን አላልኩም።»

«አፍህ ባይልም ጉልበትህ ብሏል፣ ልጄ። ተንበርክከህ ስትፈትግ አይቻለሁ።»

ባለቤቴ ለብቻዬ ስታገኘኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦኬ፣ ማለቴ፣ እናቴ ከሄደች ሽንኩርቱን የምታቁላላው አንተ ነህ» አለችኝ። የነገሩ ክብደት የገባኝ ያኔ ነው።

አማቴ ከመሄዳቸው በፊት ከደሴ ይዘውት የመጡትን ዘነዘና ሊያነሱ ጋራዥ ገቡ። እኔም ይቅርታዬን እያዘጋጀሁ ተከተልኳቸው። ጎንበስ ብለው ከሲንኩ ሥር ያለች የሰጋቱራ ክምር እያዩ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው? ማር እንዲህ ይፈረፈራል?»

አማቴ በዘነዘናው ጫፍ ግድግዳውን እያንኳኩ ከበሩ ወደ ሲንኩ መጡ። በበሩ በኩል ደንደን ያለ ድምፅ ነበር፤ ሲንኩ ጋ ሲደርሱ እንደ ቅል ጮኸ። እጃቸውን ከቧንቧው ኋላ ሰደዱና መልሰው አወጡት። ረጥቧል። ሳያብሱት ወደ እኔ ዘረጉት።

«ይህን የገጠመ የተማረ ሰው መሆን አለበት» አሉ።

ግድግዳው ሲከፈት የጉንዳኖቹ መንደር ተገኘ። በመጨረሻ የጠራነው ባለሙያ የበሰበሰውን እንጨት ከነነዋሪዎቹ አወጣ፣ አዲስ አስገባ፣ ቧንቧችንንም ደህና አድርጎ ገጠመ። ለጓደኛዬ ደውዬ ያደረግነውን ብነግረው፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሻንጣ አያንጠባጥብም» አለኝ።

አማቴን ይቅርታ ጠይቄ ሻንጣቸውን ወደ መኝታ ቤታቸው ልመልሰው ስል፣ «መጀመሪያ ባልዲውን» አሉኝ። ባልዲውን በሁለት እጄ ተሸክሜ ሲንኩ አጠገብ፣ ከነበረበት ቦታ አስቀመጥኩት። ሻንጣው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በኒካሁ ቀን ብርዙን እንዳድል የታዘዝኩትም እኔ ነበርኩ። አማቴ ታሪኩን ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ስላወሩት፣ ብርጭቆ ባቀረብኩ ቁጥር ሁሉም «ቧንቧ ሠራተኛው መጣ» እያሉ ተቀበሉኝ። ብርዙ ግሩም ነበር። አንድም ጉንዳን አልነበረበትም።

ጋራዣችሁ ውስጥ ወጥ ቤት ያላችሁ፣ ሲንኩን ማን እንደገጠመላችሁ ታውቃላችሁ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሂዱ፤ ተንበርክካችሁ ከሥሩ ያለውን እንጨት በእጃችሁ ዳስሱ። ደረቅ ሆኖ ካላገኛችሁት፣ እባካችሁ ማንንም አትውቀሱ።