ከኮባው ጀርባ ስንት ሜትር ነው?

ጠዋት 1፡00፣ ዲላ

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን የሌዘር ርቀት መለኪያ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ከሱቃችን ወጣሁ። መሣሪያው ለአዳኞች የተሠራ ነው፤ በአንድ ዓይን አይተው ቁልፉን ሲጫኑት፣ ያነጣጠሩበት ነገር ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይነግራል። ወንድሜ የዱር አሳማ እንሰታቸውን ለሚያወድምባቸው ገበሬዎች አስመጥቶ ሊሸጥ አስቧል። «መጀመሪያ አንተ ሞክረህ ንገረኝ» አለኝ። እኛ ቤት የአሳማ ስም ሲጠራ እናቴ «አስተግፊሩላህ» ትላለች። እኔ ደግሞ ጠመንጃ ሲተኮስ ቀርቶ ሲወለወል ሳይ የምርበተበት ሰው ነኝ። ቢሆንም ታላቅ ወንድሜን እምቢ ማለት አልቻልኩም።

2፡00፣ ወናጎ

በሚኒባስ ሃምሳ ብር ከፍዬ ወረድኩ። ጉሙ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ከዚያ ወደ ገጠር በሞተር መቶ ሃምሳ ብር። ጭቃው ሲያንሸራትተን የነጂውን ወገብ አንቄ ያዝኩ።

«ወንድሜ፣ መተንፈስ አቃተኝ እኮ!» አለኝ።

3፡00፣ አቶ በራሶ ግቢ

አቶ በራሶ አሳማ እንዲያባርሩ ቀበሌው የፈቀደላቸው ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ወናጎ ገበያ ሊወርዱ ነጠላቸውን ደርበው ነበር። ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝና ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ላይ መቅረቱን አይተው ሳቁ።

«ምን ይፈራል ይሄ ልጅ! ብላ፤ ጠግበህ ፍራ።»

ከደጃፉ እስከ ቡና ማስጫው አልጋ በገመድ ለካን፤ ስልሳ ሜትር። መሣሪያውም ስልሳ አለ። ጉሙ ሲገለጥ የማዶውን ቆርቆሮ ጣሪያ አራት መቶ አሥራ ሁለት አለው።

«እሷ ማሽን ጎበዝ ነው!» አሉ አቶ በራሶ። እኔ የሠራሁት ይመስል ኮራሁ።

4፡30፣ እንሰቱ ውስጥ

አቶ በራሶ ጠመንጃቸውን አነገቱና ወደ ታችኛው ማሳ ወረድን። ጉሙ እንደገና መጣ። አቶ በራሶ በጉም ጊዜ አሳማ ቀንም እንደሚወጣ፣ የቆሰለ ከሆነ ደግሞ ወደ ተኳሹ እንደሚመለስ ነገሩኝ። ይህን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት!

ድንገት ከኮባው ቅጠል ጀርባ ድምፅ ተሰማ። ኸርር፣ ኸርር። ቡናማ ነገር ዝቅ ብሎ ይንቀሳቀሳል። አቶ በራሶ ጠመንጃቸውን ደገኑ።

«አሳማ ነው፤ ሥር እየቆፈረ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ስንት ነው? ቶሎ በል! ጥይቷ አንድ ነው።»

ተጫንኩት፤ አሥራ አንድ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ሰባ ሦስት። ለሦስተኛ ጊዜ፤ ስምንት። ቅጠሉን ይለካ ጉሙን ይለካ አላወቅሁም።

«አላወቅሁም» አልኩ።

«እንግዲያው በግምት» ብለው ጣታቸውን ምላጩ ላይ አሳረፉ።

የቆሰለው አሳማ ሲመጣብኝ ታየኝና «አይተኩሱ!» ብዬ ጮኽኩ። ስለ ሌላ ሰው አስቤ አልነበረም፤ ለራሴ ነፍስ ፈርቼ ነው።

ኸርርታው ቆመ። ከኮባው ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ።

«ማነው? ወንድ እዚህ አይመጣም! እንሰት እየፋቅሁ ነው!»

ወይዘሮ አልማዝ ነበሩ። ጉሙን አይተው ገበያውን ትተውታል፤ አሮጌ ቡናማ ጋቢ ለብሰው ጣውላው ላይ እንሰት እየፋቁ ነበር። በሰፈሩ ሴቶች ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። አቶ በራሶ በአርባ ዓመት ትዳራቸው ያን ድምፅ ከቅርብ ሰምተውት አያውቁም።

ጥይቷን አወጡና ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮዋ ግን በጩኸቴ ይስቃሉ።

«ጠግበህ ፍራ ብዬህ አልነበር?»

ባልየው ጠመንጃው በማን ላይ ተደግኖ እንደነበር እንዳልነግራቸው በዓይናቸው ለመኑኝ፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

10፡00፣ ዲላ

ወይዘሮ አልማዝ በኮባ ጠቅልለው የሰጡኝን ቡላ ለእናቴ እያቀበልኩ ሳለ ወንድሜ ደወለ።

«እሺ፣ ይሠራል?»

«ሜዳ ላይ ልክ ነው። እንሰት ውስጥ ግን የፊተኛውን ቅጠል ይለካል። ከቅጠሉ ጀርባ ማን እንዳለ ደግሞ የትም ቦታ አይናገርም። አንድም እንዳታስመጣ።»

«አንተ መቼም ፈሪ ነህ» አለኝ።

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ» አልኩት። ይህን ብዬ ሳላፍር የቀረሁት ዛሬ ነው።