ለድኩላዋ የተተወ ግራዋ

ታቢታ የምትኖረው ደዶ ከተማ ዳር፣ መንገዱ ወደ ጫካው በሚታጠፍበት ቦታ ነው። የምትታወቀውም በጽዳቷ ነበር። ጓሮዋን በቀን ሁለቴ ትጠርጋለች። የቤተ ክርስቲያን እህቶች «ታቢታ ጓሮ የወደቀች መርፌ በጨረቃም ትገኛለች» ይሏታል። ይህን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አትችልበትም፤ ሰው በአንድ ነገር መኩራት አለበት ባይ ናት።

ከባሏ ከአጵሎስ ጋር ከዱራሜ የመጡት ለቡና ለቀማ ነበር። የሰው ቡና እየለቀሙ ኖረው በመጨረሻ የራሳቸውን ትንሽ የቡና መሬት አበጁ። አጵሎስ ባረፈ በዓመቱ ግን ቡናው በሽታ ገባበትና ቆሞ ደረቀ። ያኔ የባሏ ወንድም ኤርሲዶ ከዱራሜ ደወለ።

«መሬቱን ሽጪና ነይ፤ እዚህ ጓዳ አናጣልሽም» አላት።

ጓዳ! ታቢታ ሃያ ሰባት ዓመት ወገቧን ያጎበጠችው በሰው ጓዳ ለማርጀት አልነበረም።

«ሐምሌ ላይ አዲስ ቡና እተክላለሁ» አለችው። «ካልሆነልኝ እመጣለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ግን ቃል ቃል ነው። ስምንት መቶ ችግኝ በጥቁር ፕላስቲክ አፈላች፤ የሣር ዳስም ሠራችላቸው። መጋቢት ላይ ታዲያ ያ የጽዳት አባዜዋ ተነሣባትና ጓሮዋን ከጫካው የሚያዋስነውን ግራዋና ሐረግ እስከ ጉቶው መነጠረችው።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ የአሥራ አንድ ችግኝ ጫፍ ተቀንጥሶ አገኘች። በማግሥቱ ሃያ ሦስት ሆነ። ጎረቤቷ ሙርሺድ መጥቶ መሬቱን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ያ ታቢታ፣ ይሄ የድኩላ ኮቴ ነው፣ ዋላሂ! ወጥመድ አለኝ፣ ላጥምድልሽ። ግን ሥጋውን ማን ይበላዋል? እኔ ካረድኩት አንቺ አትበዪ፤ አንቺ ካሳረድሽው እኔ አልበላ።»

«ጅብ ይብላው» አለች። በዚያ ሰዓት በሆዷ ውስጥ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሜ፣ እስቲ መጀመሪያ መንገዷን እዪ። ድኩላ በለመደችው ነው የምትመላለሰው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ።»

ታቢታም በየማለዳው ጋቢዋን ተከናንባ፣ በርጩማዋን ይዛ ጓሮዋ ካለው እንሰት ሥር ትቀመጥ ጀመር። ወፎች መንጫጨት ሲጀምሩ ድኩላዋ ከጫካው ብቅ ትላለች። ቀይ ናት፤ ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አላት፤ ቀንድ የላትም። አበላሏ እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ ነው፤ ከዚህ ቀመስ፣ ከዚያ ቀመስ እያለች ታልፋለች እንጂ አንዱን ይዛ አትጨርስም።

በአምስተኛው ቀን ግን ታቢታ አንድ ነገር ልብ አለች። ድኩላዋ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ችግኙ አይደለም፤ ወደ ተቆረጠው የግራዋ ጉቶ ነው። ታሸተዋለች፣ ትቆማለች፣ ወደሚቀጥለው ጉቶ ትሄዳለች። ሁሉንም ካዳረሰች በኋላ ነው ወደ ዳሱ የምትዞረው። በማግሥቱም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን እንዲሁ።

ታቢታ አፈረች። ማዕዱን ያነሣችው ራሷ ናት። ሰው ፊቱን የሚያጨማድድበት ግራዋ ለዚች ፍጥረት የዘወትር ቁርሷ ኖሯል!

ሙርሺድ ትቶላት የሄደውን ወጥመድ መለሰችለት። የጓሮዋን ዳር መንካት ተወች። ግንቦት ሲዘንብ ግራዋው ከየጉቶው አቆጠቆጠ፣ ሐረጉም ተሳበ፤ ድኩላዋ ከዚያ በልታ ትመለስ ጀመር። ችግኙ ተረፈ፤ ስሟ ግን አልተረፈም። «ታቢታ ሰነፈች፤ ጓሮዋን ዳዋ ዋጠው» ተባለ። ይህ እስከ አጥንቷ ዘልቆ ይሰማት ነበር፤ ቢሆንም ማጭዷን አላነሣችም።

አንድ ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጓሮዋን ሞልተውታል። የእህቶች ኅብረት መሪዋ ጵርስቅላ ላቧን እየጠረገች መጣች።

«እትዬ ታቢታ፣ አቅም ቢያንስዎት እኛ የት ሄደን? ይኸው አጸዳንልዎት!»

ዳሩ በሙሉ ጉቶ ሆኗል። የታቢታ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ጵርስቅላ የደስታ መስሏት እልል አለች።

«ያጨዳችሁት አረም አይደለም» አለች ታቢታ። «አጥሬን ነው።» ከዚያ ስለ ድኩላዋ ነገረቻቸው።

«ለድኩላ ብለው ነው የሚያለቅሱት?» ጵርስቅላ ከፋት። ማጭዷን ጠቅልላ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ሐምሌ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ታቢታ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየከሰዓቱ ወደ ወንዙ ወርዳ ግራዋ ትቆርጣለች፤ ተሸክማ ትወጣለች፤ በዳሩ ላይ እየወጋች ታቆመዋለች። ያዩዋት ሁሉ «ለሌባዋ ቁርስ ታቀርባለች» እያሉ ሳቁባት። ይሳቁ! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

በሃያኛው ቀን ጉልበቷ አብጦ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ግራዋ ሳይቆረጥ መሸ። ለኤርሲዶ የገባችው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ አደረ። ሊነጋጋ ሲል በምርኩዝ እያነከሰች፣ ጥፋቱን ለማየት ወጣች።

ዳሩ ላይ ለምለም ግራዋ ተደርድሮ ቆሟል። ከእንሰቱ ሥር፣ በእሷ በርጩማ ላይ፣ ጵርስቅላ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ታቢታ አፏን ስትከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ከለከለቻት።

«ዝም ይበሉ፣ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «እየበላች ነው።»

ሐምሌ ሲገባ ጉድጓድ የሚቆፍሩት እህቶች ከሙርሺድ ጋር ማሳውን ሞልተውት ሳለ ስልክ ጮኸ። ኤርሲዶ ነበር።

«እህስ፣ መቼ ልትመጪ ነው?»

ታቢታ ጭቃ የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ለተከላው አንድ ሰው ጎድሎኛል፤ አንተ ና» አለችው። «ጓዳ አናጣልህም።»