የዘር ሩዛችንና የጣና ግመሎች

ወገኖቼ፣ በፊታችሁ ቆሜ ኃጢአቴን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ የእህል ቤታችንን ቁልፍ ደብቄያለሁ።

ምን ላድርግ! ጎረቤታችን አያ ሞላ ጠዋት ስልካቸውን እያወዛወዙ መጡ። «ጣና ደረቀ! ዘንድሮ ለፎገራ ክረምት የለም ብለዋል ሳይንቲስቶች!»

አባባ ደነገጡና «ካልተዘራ እንብላው» ብለው የዘር ሩዙን ሊያስፈለፍሉት ተነሡ። የተፈለፈለ ሩዝ ደግሞ ለድስት እንጂ ለማሳ አይሆንም፤ ቁልፉን የደበቅኩት ያኔ ነው።

«የትኛው ሳይንቲስት ነው ያለው?» አልኳቸው አያ ሞላን።

«ስንት ሺህ ሰው ወዶታል እኮ!»

ስልካቸው ላይ ያለውን ቪዲዮ አየሁት። የደረቀው «ጣና» መሃል ግመሎች ቆመዋል።

«አያ ሞላ፣ ጣና ላይ ግመል አይተው ያውቃሉ?»

«ድርቁን ተከትለው መጥተው ይሆናላ!»

(ከአያ ሞላ ጋር ክርክር ገጥሞ የረታ ሰው ወረታ ውስጥ የለም።)

ከሰዓት ዝናቡን አወረደው። አባባ እየሳቁ «የአየር ንብረት ለውጥ የሚሉትም ውሸት ነው ማለት ነው!» አይሉም?

ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው!

«አባባ፣ የአንድ ቀን ዝናብ ምስክር አይሆንም። ለውጡ የሚታየው በብዙ ዓመት ነው። በልጅነትዎ ክረምቱ እንደ አሁኑ ይዘባረቅ ነበር?»

አሰብ አደረጉና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ።

እናንተስ ቤት የትኛው ቪዲዮ ገብቶ ስንቱን አተራመሰ? እስኪ ጻፉልኝ። እኔ ግን መሄዴ ነው፤ አባባ አሁን ደግሞ ሊዘሩት ዘሩን ሊያወጡ የእህል ቤቱ በር ላይ ቆመው ኪሳቸውን እየዳበሱ—

«ትርንጎ! ቁልፉን ወዲህ በይ!»