ጋሼ ይለፍና የበሩ መዝገብ

ጋሼ ይለፍ የእውነት ስማቸው አይደለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካውን በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁ፣ መታወቂያ ከመጠየቅ ይልቅ ፊት አይተው «ይለፍ» ማለት ስለሚቀናቸው ሠራተኛው ያወጣላቸው ነው። እኔን ደግሞ እሳቸው ወይዘሮ አንቀጽ ይሉኛል። አልተቀየምኩም፤ ሕግ በማወቄ አፍሬ አላውቅም።

የተዋወቅነው የጥበቃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ተጋርተን ነው። አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር። የግል ጥበቃ ሠራተኛ ሁሉ በኤጀንሲ ሥር ይታቀፋል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ሠላሳ ቀን ይሠለጥናል፣ ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣል። እኔም ጥበቃ ነኝ፤ በደንቡ ደስ ብሎኛል። ዱላ የያዘ ሁሉ ጥበቃ ነኝ ሲል ኖሯል፤ ሥራችን ወግ የደረሰው ገና አሁን ነው። እሳቸው ግን ፎርሙን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ በሁለት ጣታቸው ይዘውታል።

«ጋሼ፣ ምን ያስፈራዎታል? ፈተናው እኮ ቀላል ነው» አልኳቸው።

«ፈተናውን መች ፈራሁ? ከበሩ እንዳያነሱኝ ነው እንጂ።»

ያን ቀን ጉዳዩን ዘርዝረው ነገሩኝ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ለብቻቸው ያሳደጓት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሻንጣዋን ይዛ ፋብሪካው በር ድረስ መጣች። ባሕር ማዶ ሥራ አግኝታ ልትሰናበታቸው ነው። ሳታማክራቸው ሁሉን ጨርሳ መምጣቷ አንገበገባቸው። «ከሄድሽ በዚህ በር እንዳትመለሺ» ብለው ዘጉባት። ለአገሩ ሁሉ ይለፍ የሚሉ ሰው በገዛ ልጃቸው ላይ በር ዘጉ። ንዴታቸው እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ እሷ ግን ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ተከራይተውት የነበረው ቤት ፈርሷል፣ ጎረቤቱ ተበትኗል፣ ስልካቸውም ተቀይሯል። ልጅቱ የምታውቀው አድራሻ ያ በር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት እንኳ ዕረፍት ወጥተው አያውቁም።

«መጥታ ሌላ ሰው ካገኘች ትመለሳለች። አውቃታለሁ፣ እልኸኛ ናት» አሉኝ።

«በማን ወጥታ?» አልኳቸው። ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ፈተናውን ሁለቴ ወደቁ። የጣላቸው አንድ ጥያቄ ነው። «በደንብ የምታውቀው ሰው ያለ መታወቂያ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ይላል፤ እሱን የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢመልስም አያልፍም። እሳቸው «አስገባዋለሁ። ካወቅሁት መታወቂያው ምን ይጨምርልኛል?» ብለው ጻፉ። በሁለተኛውም ያንኑ ደገሙት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ እኮ ነው ጋሼ» ብላቸው፣ «የጠረጠረውስ? ብቻውን ቀረ» አሉኝ። ለሦስተኛው ትክክለኛውን መልስ እንደ ሕፃን አስደገምኳቸው፤ አለፉ።

ፈቃዳቸውን እንደተቀበሉ ከጀርባው የተጻፈውን አነበቡ። አንድ ጥበቃ በአንድ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ አይመደብም ይላል። ጥበቃና ሌባ እንዳይወዳጁ ነው፤ ደህና ደንብ ነው። ያው ደህና ደንብ እሳቸውን ከከተማው ጫፍ ወዳለ የመድኃኒት መጋዘን ወሰዳቸው፣ በሩን ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ። የኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠኑ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ቁልፉን ሲያስረክቡኝ እጄን ያዙ። «ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ብቻ እንዳትመልሻት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

በየእሑዱ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ይመጣሉ። «መጣች?» አይሉም። «በሩ ሰላም ነው?» ይላሉ። «ሰላም ነው» እላለሁ። ከዚያ ማጠፊያውን ያያሉ፣ ዘይት አንሶት እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ መንገዱን እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይናቸው ይሸኙታል። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። አጠገቤ ቆሞ ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል። በዚያው መሐል ሻሿን እስከ ዓይኗ ያወረደች ሴት መጣች። መዝገቡን ሰጠኋት፤ ሞላች።

«የድሮው ጥበቃ አሉ?»

«የሉም።»

«የት ሄዱ?»

ዓይኔ ከተቆጣጣሪው እስክሪብቶ ላይ አልተነሳም። «የጥበቃ ምደባ ለውጭ ሰው አይነገርም» አልኩ። የበሩን ብረት በመዳፏ ነካችውና ሄደች። ተቆጣጣሪው «ጎበዝ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ።

መዝገቡን ያነበብኩት ለተረኛው ላስረክብ ስል ነው። «ለማን» በሚለው ዓምድ «ለአባቴ» ይላል። «ጉዳይ» በሚለው «መምጣቴን ለመንገር» ይላል። በመጨረሻው ዓምድ፣ ሳላነብ በጻፍኩት በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ «አልተገናኙም»። ራሴን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ስልኳ ግን ነበር፤ ስልኩን ያልጻፈ እንግዳ እንዳይመዘገብ ያዘዘው ያው አዲሱ ደንብ ነው።

እኔ ልደውልላት አሰብኩና ተውኩት፤ ለእሳቸው የሚገባ ነገር ነው። በማግስቱ ስጠራቸው ከነዩኒፎርማቸው መጡ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ በወደድኩ፤ አልተቆጡም። መዝገቡን ገልጬ ስዘረጋላቸው ግን እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑበት።

«መዝገብ ለውጭ ሰው አይታይም። ፈቃድሽን ይነጥቁሻል» አሉ። ሁለቴ የወደቁት ሰውዬ ናቸው ይህን የሚሉኝ።

«እኔ እርስዎን አውቅዎታለሁ ጋሼ። ካወቅሁዎት መታወቂያው ምን ይጨምርልኛል?»

እጃቸውን አነሱ። ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ደወሉ። ስልካቸው እንደ ሽማግሌ ስልክ ሁሉ ጮክ ያለ ነው፤ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች።

«የበሩ…» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ።

«አባዬ» አለች። «ልምጣ?»

ስልኩን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። እንባቸው እየወረደ ነው።

«ወይዘሮ አንቀጽ፣ ልጄ ልትመጣ ነው። ትለፍ ትያታለሽ?»

ለጭነት መኪና ብቻ የሚከፈቱትን ሁለቱን መዝጊያዎች ወለል አድርጌ ከፈትኳቸው። ደንብ መጣሴን አውቃለሁ።