ይፍታሽ

የሁዳዴ ጾም በገባበት ሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እህቴ የቀረበውን እንጀራ በእጇ ከልላ «ከዛሬ ጀምሮ ይቅርታ ሳይጠያየቅ የሚቆርስ የለም» አለች።

ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ሽንኩርት እየጫነ ስለሚነግድ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ ቆቦ ተመልሼ እሷ ዘንድ ተጠግቻለሁ። ትምህርት ቤቶች በጦርነቱ ተዘግተው ሲከፈቱ ሁለቱን ሴት ልጆቿን መልሳ አልላከችም። «እስካሁን የሰሙት ይበቃቸዋል፤ ስድብና ድብድብ አልጨምርላቸውም» አለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ የማስተምራቸው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጸሎት እናደርሳለን፤ ከዚያ ለትንሿ ፊደል፣ ለትልቋ ሒሳብና ዳዊት። በቤታችን ድምፅ ከፍ ማድረግ ክልክል ነው። እኔ እንኳን ለመጮኽ ባጃጅ ላይ «ወራጅ» ለማለትም ስለምፈራ ደንቡ አልከበደኝም።

አዲሱ ሥርዓት ይህ ነበር። ያጠፋው የተበደለውን ጉልበት ስሞ «ይቅር በይኝ» ይላል። የተበደለው «ይፍታሽ» ካላለ ያጠፋው አይበላም። ቃሉ ንስሐ ስትገባ ከቄሱ አፍ የምትሰማው ነው፤ እሷ ወደ ገበታችን አመጣችው።

የዚያን ዕለት ትንሿ፣ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ የዶሮውን ቤት ሳትዘጋ ቀርታ የትልቋን ጫጩት ድመት በልቶባት ነበር። ተንበርክካ የእህቷን ጉልበት ሳመች። ትልቋ ፊቷን አዞረች።

«ይፍታሽ በያት እንጂ» አለች እናቷ።

«ከሆዴ አልወጣልኝም። ከልብ ካልሆነ ኃጢአት ነው አላልሽም፣ እማ?»

እህቴ ልጇን በኩራት አየቻት። «እውነቷን ነው። ይቅርታ በግድ አይሆንም።»

ትንሿ እኛ ስንበላ እያየች ተቀመጠች። ትልቋ «ይፍታሽ» ያለቻት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ወጡ ከቀዘቀዘ ወዲያ ነው።

ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ብልህ ልጅ ናት። ቃሉ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። አንድ ቀን «ቀሚሴን እጠቢና እፈታሻለሁ» ስትላት ሰማሁ። ሌላ ቀን ጀርባዋን እንድታክላት ስታዛት ነበር። ጥፋት ሲታጣ ጥፋት ትፈጥርላታለች፦ ጥላዬን ረገጥሽው፣ ስጸልይ አየሽኝ፣ በሆድሽ ሰደብሽኝ።

ቤቱ ግን ጸጥ አለ። ግድግዳ የምትጋራን ሙስሊም ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ማሻ አላህ! እዚህ ቤት እኮ ዝንቡም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባ» አለች። እህቴ ከት ብላ ሳቀችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ትንሿ ሁሉን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። በርጩማ ሲያደናቅፋት በርጩማውን ይቅር በለኝ ትላለች። አንድ ጠዋት «መ»ን በጣቴ ይዤ «ይህች ማን ናት?» አልኳት።

«ይቅር በይኝ።»

«ምንም አላጠፋሽም። ፊደሏን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ይቅር በይኝ፣ አክስቴ» አለችና ወደ ጉልበቴ ጎንበስ አለች። ከዚያ ወዲህ ስለማንኛውም ፊደል ብጠይቃት መልሷ ይኸው ሆነ።

ለእህቴ ለመናገር የምለውን ስደጋግም ውዬ ዕቃ ስታጥብ ቀረብኳት። «እትዬ፣ ትንሿ እየተጎዳች ነው። ረሃቡስ ይሁን፣ ፍርሃቱ ነው...»

«አንቺ መጽሐፍ እንጂ ልጅ አላሳደግሽም።» ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጥተሽ የተቀመጥሽው እኔ ቤት ነው። በተማርሽው የራስሽን ቤት ስታቆሚ ያን ጊዜ ትመክሪኛለሽ።»

ከዚያ በኋላ ግን ትንሿ ከገበታ በተከለከለች ቁጥር የማሽላ ቂጣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ከጓሮ እሰጣት ጀመር። እያላመጠችም ይቅርታ ትጠይቀኛለች።

አንድ ሐሙስ፣ ገበታው ከቀረበ በኋላ፣ ትልቋ እጇን አወጣች፤ ትምህርት ላይ እንዳስለመድኳት። «እማ፣ አክስቴ በስውር ቂጣ ትሰጣታለች።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው?»

«ርቧት ነበር።»

«ይቅርታዋን ሰርቀሽባታል። ጠብቃ የምታገኘውን በቂጣ አስጣልሻት። በይ ተነሺና ጠይቂያት።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል። ነገር ግን ትንሿ ትፈታኛለች፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ቃሉ እሷ እጅ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። የልብስ ሳሙና ይሸታል፤ ጠዋት የእህቷን ቀሚስ ስታጥብ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

መጀመሪያ እህቷን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ሁዳዴ ከገባ ፈገግ ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ከሆዴ አልወጣልኝም» አለች።

ትልቋ ትን እስኪላት ሳቀች። እህቴ የትንሿን ግንባር ሳመችና «የኔ ብልህ፣ ገባሽ አይደል?» ብላ ትልቁን ጉርሻ ጠቀለለችላት። ትንሿ አፏ ሞልቶ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ ታላምጥ ነበር። እኔ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

በማግስቱ እህቴ ለኪዳን ስትወጣ የትንሿን ፊት አጠብኩና ባጃጅ ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። አንደኛ ክፍል የምታስተምረው አብራኝ የተማረች ልጅ ናት፤ ለጊዜው ገብታ ትቀመጥ አለችኝ። ክፍሉ በልጆች ጩኸት ይናጋል።

«ነይ እስቲ፣ ስምሽን ንገሪን» አለቻት።

«ይቅር በይኝ» አለች ትንሿ፣ ወደ መምህሯ ጉልበት ጎንበስ እያለች።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ «ይቅር ብለናል!» ብሎ ጮኸ። ትንሿ ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨመደደች። እኔ ስሟን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ከራሴ ድምፅ ራሴ ደነገጥኩ። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀሚሴ አላቀቅሁና ወጣሁ። ለቅሶዋ እስከ አጥሩ በር ተከተለኝ።

እህቴ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ልጅቷስ?»

«ትምህርት ቤት አስገባኋት።»

«ማንን አስፈቅደሽ?» ነጠላዋን ሰብስባ ፊቴ ቆመች፤ ጉልበቷ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። ጠበቀችኝ።

ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም።